ሁለት ሳጥን፣ አንድ ገመድ

ኪትዌ፣ ቅዳሜ ማርች 2 ቀን 2019
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ፣ አሁን ካፊያ። ሱቄ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ጎረቤቴ ጄሬ፣ እና ዝናቡን ሸሽታ ከነዘንቢሏ የገባች አንዲት ቲማቲም ሻጭ።

ባሺ ካሱባ፣

እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። እርስዎን «ባሺ»፣ አባት፣ እኔን «ባና»፣ እናት፣ ያሰኘችን ልጃችን ካሱባም ከሊቪንግስተን ደውላ ነበር፣ ደህና ናት።

አልሸጥኩትም። ደብዳቤ የሚያመላልስልን ሾፌር ያየው የደንበኛ ባዶ ሳጥን ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ያው ከእኔው ጎን ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው፤ አቧራ እንዳይገባው የማሸርጠውን ቺቴንጌ አልብሼዋለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ከሾፌር አፍ ሰምተው ሁለት ሳምንት ሲብሰለሰሉ መክረምዎ አሳዝኖኛል። ምን ይደረግ፣ ስልኩ ወንዙ ዳር አይሠራ፤ ቢሠራም እኔና እርስዎ ስልክ ላይ ዝም ነው የምንለው፣ ዝምታውም ይቆጠራል።

ስላሉበት ሁኔታ ለጠየቁኝ ግን እውነቱን ልንገርዎ። ሁለቱም አርጅተዋል። ከማዕድኑ ቢሮ ቆሻሻ ክምር ላይ መንታ ሆነው ስናነሣቸው እንኳ ወጣት አልነበሩም። አዲሱ ጨዋታ በሁለቱም ላይ ገና ሳይከፈት ይሞታል። የእርስዎን ስፈታው ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። የእኔው ደግሞ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ራማቸው እጥፍ መሆን አለበት፤ ሃርድ ዲስካቸው በፈጣኑ ዓይነት መተካት አለበት፤ ግራፊክስ ካርድም ያስፈልጋቸዋል። ኃይል የሚሰጣቸው ክፍል ደካማ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ ትንሽ ካርድ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው በዚህ ገበያ ጄሬ ጋ ብቻ ነው ያለው። ሁለት አለው። የሚጠራው ዋጋ ግን የመኪና ነው።

አንዱን ብቻ አድሱት እንዳይሉኝ። ለአንዱ ያልተገዛ ለሌላው አይገዛም ብለን የተስማማነው እኔና እርስዎ ነን። በ2015 የእርስዎ ተበላሽቶ ስምንት ወር ከጎኔ ተቀምጠው ሲያዩ ያሳለፍነውን አልረሳሁትም። በስምንት ወር ውስጥ የተነጋገርነው ሁሉ ቢሰበሰብ «ጨው አቀብሉኝ» እና «መብራት ሄደ» ነው። እኔ ዝምተኛ ነኝ፣ እርስዎም እንደዚያው። የበቆሎ ገንፏችንን፣ ንሺማውን፣ ስንበላ እርስዎ እንባባላለን፤ ደብዳቤ ስንጽፍም እንዲሁ። ገመዱን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሰክተን ስንጫወት ብቻ ነው እኔ «አንተ! ከኋላህ!» የምለው፣ እርስዎም «አንቺ፣ በሩን ዝጊው!» የሚሉኝ። እናትዎ የሞቱ ጊዜ እንኳ ያለቀሱልኝ በጨዋታው መንደራችን ውስጥ ድልድዩን ስንሠራ ነበር፤ ዓይንዎን ከስክሪኑ ሳያነሡ።

ስለዚህ ለጁን ፈቃድዎ ሁለቱም ይደርሳሉ። ወንዙ ሞልቷል ብለው ሰዎች ነግረውኛልና፣ የሚሠሩበት ፖንቱን ጀልባ ሰውና መኪና ሲያሻግር ከገመዱ ራቅ ብለው ይቁሙ።

ባና ካሱባ


ወንዙ ዳር፣ ማርች 19

ባና ካሱባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሸጡት ብዬ በመጠርጠሬ አፍሬያለሁ። የሾፌር ወሬ ከእንግዲህ አልሰማም፤ ዓሣዬን ግን በሾፌር ነው የምልከው፣ ምን ላድርግ። ሁለት ጥቅል ደረቅ ዓሣ ነው። አንዱን ይብሉ፣ አንዱን ለራሙ ይሽጡት። ሾፌሩ መንገድ ላይ አንድ ይበላል ብዬ ያሰርኩት ሦስት ነው።

አዎ፣ ወንዙ ሞልቷል፤ ሰዎቹ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ግን እኔ ሞተሩ ጋ ነኝ፣ አያስቡ። ትናንት የአንድ ቄስ መኪናና አሥራ አንድ ፍየሎች አብረው ሲሻገሩ፣ ፍየሎቹ ውኃውን ፈርተው በተከፈተው በር የቄሱ መኪና ውስጥ ገቡ። ባለፍየሉ ማዶ ሲደርስ «የእኔ ፍየሎች በመኪና ነው የተሻገሩት፣ የእግረኛ ዋጋ አልከፍልም» ብሎ ሙግት ገጠመ። ቄሱም «እኔ ከፍየሎች ጋር ነው የተሻገርኩት፣ የመኪና አልከፍልም» አሉ። እስካሁን ስስቅ ነው።

ማውሱን በተመለከተ፣ አዲስ ቢገዙም የድሮውን እንዳይጥሉት። ሰባት ዓመት የቀኝ አውራ ጣቴን ቅርጽ ሲይዝ የኖረ ነው።

ጁን 15 እገባለሁ። ድልድዩን እኔ እሻገራለሁ፣ አንቺ ከኋላ ትጠብቂያለሽ። ይቅርታ፣ እርስዎ። አሁኑኑ መጫወት አማረኝ መሰለኝ።

ባሺ ካሱባ


ኪትዌ፣ ቅዳሜ ኤፕሪል 13
ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ ደመና። ብቻዬን ነኝ።

ባሺ ካሱባ፣

እንደምን አሉ? አጭሯ ወረቀትዎ ደረሰችኝ። ሦስት መስመር ናት። ጽሕፈቱ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተንጋዷል። ሾፌሩን ብጠይቀው «ፖንቱኑ ላይ ቆመው ጽፈውት ይሆናል» ብሎ ጫማ ጫማውን አየ። አመንኩት።

መልሴ አይሆንም ነው። የእርስዎን ትቼ የራሴን ብቻ አላድስም። ዓይንዎ ቢደክም መነጽር አለ። ጨዋታው ከሰለችዎ ግን እንደ ሰለችዎ ይጻፉልኝ፤ በሦስት መስመር ሳይሆን በደንብ። «ለእኔ አያስፈልግም» የሚለውን ቃል ከእርስዎ ሰምቼው አላውቅም፤ ባነበብኩት ቁጥር ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለኛል።

ደግሞም ዘግይተዋል። ካርዶቹ በእጄ ናቸው።

ዓሣውን ሸጬ ጄሬ ጋ ሄድኩ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣

«እናንተ ዝንጀሮ በላተኞች ደግሞ ገንዘብ ከየት ታመጣላችሁ?» አለ።

«አይጥ ሲጠብስ የዋለ ንጎኒ እጁን ታጥቦ ያናግረኝ» አልኩት።

«ስንት ይዘሻል?»

«የአንዱን።»

«እንግዲያው አንዱን ውሰጂ።»

«ባል የለኝም እንዴ?»

«ባልሽ ቤምባ ነው። ቤምባ ከጎን ቁጭ ብሎ የሰው ሲያይ ነው ደስ የሚለው።»

የስምንቱን ወር ነገር አያውቅም፤ እኔን ግን ነካኝ። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አንዱን ካርድ አነሣሁ። ከዚያም ሁለተኛውን አነሥቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ይሄኛው የአያቴ ነው። አያትህ በጦርነቱ የዘረፋትን ነው ያስመለስኩት።»

«ኡ ኡ! ቤምባ ዘረፈኝ! ሰዎች፣ እዩልኝ!»

ገበያው ሁሉ ወጣ። ልብስ ሻጮቹ አጨበጨቡ። ቤምባና ንጎኒ የሚባሉት ጎሣዎቻችን ዛሬ የአጎት ልጅ ስለሚባባሉ፣ አያቶቻችን በጦር የጀመሩትን እኛ በስድብ እንድንጨርስ የተፈረደብን መሆኑን የማያውቅ የለም፤ በአጎት ልጅ ንጥቂያ የተቆጣ ንጎኒ ደግሞ ከዚያ በኋላ ገበያ አይወጣም። ጄሬም ያውቃል። ለነገሩ የእሱን ሁለት ላፕቶፖች በነፃ የሠራሁለት መሆኑንም ሁለታችን እናውቃለን። ጣቱን ቀስሮ፣

«እሺ! ቀን አለኝ። ከቤታችሁ አንድ የሚያስቀጣ ነገር ያገኘሁ ለት ዶሮሽን ነው የምወስደው!» አለ።

ካርዶቹ ለሳጥኖቻችን ትንሽ ረዘሙ። የሳጥኖቹን የውስጥ ቆርቆሮ በብረት መጋዝ ቆርጬ አስገባኋቸው። አሮጌዎቹን ራሞች በላጲስ ጠርጌ አዲሶቹን ከጎናቸው ሰካሁ። የእርስዎን ሳጥን በመጀመሪያ አስነሣሁት። ድምፅ የለውም። እጄን ካላስጠጋሁ መሥራቱን አላውቅም።

ጄሬ በሚቀጥለው ወር የስልክ ባትሪና ቻርጀር ይዞ ወደ እናንተ ወንዝ ይወርዳል። ሹራብና ሳሙና እልክልዎታለሁ። መልሱን በእሱ ይላኩልኝ። ደህና ነዎት?

ባና ካሱባ


ወንዙ ዳር፣ ሜይ 11

ባና ካሱባ፣

ጄሬ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ አጭር ነው።

ሹራቡ ልክ ነው። ሳሙናውም ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልታመምኩም። አልሰለቸኝም። የተቆጣሁም አይደለሁም፣ በማን እቆጣለሁ?

ለጁን ላልመጣ እችላለሁ። ሌላ የሞተር ሰው አላገኙም።

ሳጥኔን ለካሱባ ይስጧት፣ ለሥራዋ ይሆናታል። ድልድዩን ብቻዎን መሻገር ይችላሉ። ሁልጊዜም ከእኔ የተሻሉ ነዎት፤ አልነገርኩዎትም እንጂ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባሺ ካሱባ


ኪትዌ፣ ቅዳሜ ሜይ 25
ብርድ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። ባለፈው ቅዳሜ ሱቄ የነበሩት እኔ፣ ጄሬ፣ ልብስ ሻጮቹ በሙሉ፣ እና አንዲት ዶሮ።

ባሺ ካሱባ፣

እንደምን አሉ? ጄሬ የዚያን ዕለት ተመለሰ። ሻንጣውን እንኳ ሳያወርድ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣

«ዶሮዬን!» አለ።

«የምን ዶሮ?»

«የቅጣት ዶሮዬን! ባልሽ በሰው ፊት፣ ሴቱ ሕፃኑ በተሰበሰበበት፣ ደብዳቤውን በግራ እጁ ሰጠኝ! በግራ! ቀኙን ኪሱ ከቶ፣ እንደ አገረ ገዥ!»

ልብስ ሻጮቹ አፋቸውን ያዙ። እኔም፣

«ዋሽተህ ነው። ባሺ ካሱባ ለሕፃን እንኳ በግራ አይሰጥም» አልኩት።

«ወንዙ ምስክሬ ነው! ሹራቡንም በግራ ነው የተቀበለኝ። ሲያመሰግን እንኳ እንደ ወጉ እጁን አላጨበጨበም፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እኔማ የአጎት ልጅ ስድብ ነው ብዬ፣ ‹ተው አንተ ዝንጀሮ፣ ይሄ ዶሮ ያስከፍልሃል› አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ አልኩሽ እኮ። እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም፣ እንዴት ያለ ንቀት ነው!»

ፍርዱ ትክክል ነው። ነጠብጣቧን ዶሮ ሰጠሁት። በእግሯ ዘቅዝቆ ገበያውን ሲዞርባት ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ሌላ ወሬ ልንገርዎ። ሳጥንዎን ለካሱባ አልሰጠኋትም። መጠየቅስ ጠይቄያት ነበር፤ «እማዬ፣ ያን የብረት ድስት ምን ላድርገው? የሰው እናትና አባት መዘምራን ይገባሉ፣ የእኔዎቹ ጭራቅ ያሳድዳሉ» አለችኝ። ስለዚህ ቦታው ላይ ነው።

ጠረጴዛውን ግን ትንሽ ለወጥ አድርጌዋለሁ። ጣሪያው በቀኝ በኩል ስለሚያፈስ ማውሶቹን ወደ ግራ አዛውሬያቸዋለሁ። የእርስዎንም የእኔንም፤ ለአንዱ ያልሆነ ለሌላው አይሆንማ። በግራ እጄ መጫወት ከጀመርኩ ሰባት ቀኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን አጥር አጥራለሁ ብዬ የመንደራችንን በሬ ገደልኩት። በሁለተኛው ቀን ወንዝ ገባሁ። አሁን በር መክፈት እችላለሁ፤ መዝጋት ገና ነኝ። ከእኔ የተሻሉ ነዎት ያሉኝን ይሰርዙት።

ምንም አልጠየቅኩም። እርስዎም ምንም አይመልሱልኝ። የሞተር ሰው እስኪያገኙ ቢቆዩም ጠረጴዛው ይቆያል።

ባና ካሱባ


ወንዙ ዳር፣ ጁን 5

ባና ካሱባ፣

በሜይ፣ ዝናብ በሌለበት ወር፣ የሚያፈስ ጣሪያ አላውቅም። ያንን ጣሪያ ደግሞ በኖቬምበር የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ልንገርዎ። ማርች 28 ወንዙ ሲገፋን የብረት ገመዱ ላላ፤ ላስተካክለው ስል ተወጠረ። ከቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች የሉም። አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ አሉ። ኩባያ ይይዛሉ። ሾፌሩን እንዳይነግርዎ ያስማልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን እንዳይቀየሙ።

ማውስ ይይዙ እንደሆነ ሞከርኩ። እዚህ ማውስ የለም፤ የላኩልኝን ሳሙና ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ገፋሁት። አልሆነም። ከዚያ ከጎንዎ ተቀምጬ ስመለከት ታየኝ። ስምንት ወር ሳይሆን ዕድሜ ልክ። ጨው አቀብሉኝ። መብራት ሄደ። ከዚያስ እዚሁ ብቀር ይሻላል ብዬ ነበር። የሞተር ሰው ካገኙ ወር ሆኗቸዋል። ዋሽቻለሁ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ሳሙናውን በግራ ነው የምገፋው። ወደ ላይ ደህና ነኝ፣ ወደ ጎን ያመልጠኛል። ያለሁበት ክፍል ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ቅዳሜ ጁን 15 በጠዋቱ አውቶቡስ እገባለሁ።

እውነት በሬያችንን ገደልሽው?


ኪትዌ፣ ዓርብ ጁን 14፣ ከሰዓት በኋላ
ብርድና አቧራ የቀላቀለ ነፋስ። ብቻዬን ነኝ፣ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቻለሁ።

አንተ፣

አዎ፣ ገደልኩት። ጥቁሩን፣ አንተ የምትወደውን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጮኸው። ሌላ በሬ እስክናገኝ እርሻው ጦሙን አድሯል፤ እየመጣህ ተቆጣኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሾፌር የለም። እኔው ይዤው እመጣለሁ። ፊት ለፊት የማልናገረውን ታውቃለህና ከመገናኘታችን በፊት ጽፌ ልጨርሰው።

ዶሮዋን ሰጥቼ ቤት የገባሁ ቀን ምን እንዳደረግኩ ጠይቀኸኝ ነበር፤ በአፍህ ሳይሆን በሳሙናው። ቀኝ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ስሠራ ዋልኩ። ውኃ ቀዳሁ። ራት ሠራሁ፣ ንሺማው አረረ። አንድ ብሎን ለመፍታት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ከዚያ አለቀስኩ፤ በእጅህ ሳይሆን፣ ሁለት ወር ይህን ሁሉ ብቻህን በመሥራትህ። የሞተር ሰው ያልከውን ውሸት ግን ገና አልማርኩህም። እሱን ድልድዩ ላይ እንነጋገርበታለን፤ እጮኽብሃለሁ፣ ተዘጋጅ።

የድሮው ማውስህን አልጣልኩትም፣ መሳቢያው ውስጥ ነው። ለየትኛውም እጅ የሚሆኑ ቀጥ ያሉ ሁለት ገዝቼ ቁልፎቻቸውን ለግራ አቀያይሬያቸዋለሁ። ጄሬ የእጅህን ነገር ስነግረው፣ የተናገረው ገብቶት ዶሮዋን ሊመልስ መጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፣ ስድብ እንኳ ጠፋው። «ቅጣት ቅጣት ነው፣ ውሰዳት፤ አይጥ ብቻ ስትበላ ከሳህ» አልኩት። ያኔ ሳቀና «ዝንጀሮ!» ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ጁን 15
ጠዋት። ነፋሱ ቆሟል፣ ብርዱ አለ። አውቶቡስ ተራው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ፤ ጄሬ ከፊት ለፊቴ ቻርጀር ይሸጣል።

ተነሣሁ። ገላዬን ታጠብኩ። ካፔንታ ዓሣውን በቲማቲም ሠርቼ ከደንኩት። ክፍሉን ጠረግኩ። ከሳጥንህ ላይ ቺቴንጌውን አንሥቼ አጠፍኩት። መጀመሪያ የአንተን አስነሣሁ፣ ቀጥሎ የእኔን። ገመዱን ከአንተ ሳጥን ወደ እኔ ሰካሁ፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራት በሁለቱም በኩል እስክትበራ ጠበቅኩ። መንደራችንን ከፈትኩ። ሰውዬህን ከዛፉ ሥር፣ ባለፈው ዓመት ከተውከው ቦታ፣ አላንቀሳቀስኩትም። የእኔዋን በግራ እጄ እየመራሁ ድልድዩ አፍ ድረስ ወሰድኳት፤ ሁለት ጊዜ ግድግዳ መታች። እዚያ አቆምኳት፣ አልተሻገረችም። ወንበርህን አስጠጋሁ። በሩን ቆለፍኩ። በእግሬ መጣሁ።

ጄሬ «ዛሬስ የሚያስቀጣ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትንሽ ጠብቅ» አልኩት።

አውቶቡሱ እየገባ ነው። ይህን ወረቀት በሰው ሁሉ ፊት በግራ እጄ ነው የምሰጥህ።